በሰው አፍ ዘጠኝ ዓመት

ዊሚ መንደር፣ ጄጁ ደሴት
ጃንዋሪ 14 ቀን 2019

ለወንድሜ ለኮርዴል ዊንቡሽ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ሶራስ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁ ኦፓልስ አሁንም የግራውን ጫማ በቀኝ እያደረገች ነው የምትሮጠው? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብላሃለች።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዐሥራ ሁለት ቀን ሆነው። ይቅርታ አድርግልኝ። «የመንደሪን ለቀማ ላይ ነን፣ ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም» ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ደብዳቤህን ባነበብኩት ቁጥር ቅርጫቴን አንጠልጥዬ ወደ ዛፎቹ የምሸሸው በለቀማው ምክንያት አይደለም።

ስልክ ያልደወልክልኝ ድምፄ ስለሚያበርድህ እንደሆነ ጽፈሃል። ልክ ነህ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አስተርጓሚህ ሆኜ ሥራዬ እሱ ነበር።

አሰልጣኝ ጓክ በቴሌቪዥን ያወሩትን እኔም አይቻለሁ፤ በዚህ መንደር ያላየው የለም። «በሁለተኛው ዓመቱ ዲሴምበር ላይ ያንን አጭር አሜሪካዊ አባርሬው ነበር» አሉ። «ጎንበስ ብሎ፣ እስከ እሁድ ጊዜ ይስጡኝ፤ እሁድ የበላሁትን ሩዝ የሚያህል ካልሠራሁ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ አውቶቡስ ተራ እሄዳለሁ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሳሰለጥን እንዲህ ያለ ትሕትና አላየሁም።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ጎረቤቴ ደግሞ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ያንተ ልጅ እኮ ነው!» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

አንተ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ትላለህ። ታዲያ ማን አለው ብለህ ትጠይቀኛለህ።

ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። አሰልጣኙ አላሉትም። አንተም አላልከውም። እንግዲህ ቁጠር።

ያንተው
ፒዮ ጊልሱ


ሞክፖ
ጃንዋሪ 25 ቀን 2019

ለወንድም ጋሼ ፒዮ፣

ጤና ይስጥልኝ። ኦፓል አዎ፣ ዛሬም ጫማዋን አቀያይራ ነው መዋዕለ ሕፃናት የሄደችው። «እግሬ ነው የዞረው እንጂ ጫማው ልክ ነው» አለችኝ።

ቆጠርኩ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ለሶራማ ስነግራት ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። ምክንያቱም እኔ ያን ቀን ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «ይሄን ወፍራም እንቁራሪት ፊሽካውን ይዋጠው በልልኝ» ነው ያልኩህ። አንተ ጎንበስ አልክ። አሰልጣኙም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሞ ስድቤ ገብቷቸው ዋጥ ያደረጉት መስሎኝ «እሺ፣ ወንድ ናቸው» ብዬ አከበርኳቸው።

ማታ ስተኛ ግን ሳቁ ጠፋ። ግራ የሚገባኝ ይሄ ነው። ሜትር ከሰባ አምስት ሆኜ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነኝ ማለት አገሬ ላይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አንድ የሙከራ ልምምድ ስሄድ በር ላይ ያለው ጥበቃ «ልጄ፣ ትኬት የሚቆረጠው በዚያ በኩል ነው» ብሎኛል። እዚህ ግን በገዛ ገንዘባቸው ትኬት ቆርጠው «ትንሿ ቃሪያ! ትንሿ ቃሪያ!» እያሉ የሚጮኹልኝ ሰዎች መጡ። በምጮኸውና በምሮጠው የሚወዱኝ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት ገበያ ላይ እጄን ይዛ «እንዳንተ ያለ አንደበተ ለስላሳ ልጅ የወለደች እናት ትባረክ» አለችኝ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ።

ካንተ ወዲህ ክለቡ አስተርጓሚ አልቀጠረልኝም። «አንተማ የኛው ሰው ሆነሃል» አሉኝ። ቋንቋው በግድ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ባይገባ ይሻለኝ ነበር እንዴ?

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አንደኛ፣ አሰልጣኙ ያን ቀን በትክክል ምን ነበር ያሉት? አንተ የነገርከኝ «አጨዋወትህ አላስደሰታቸውም፤ እስከ እሁድ እንድታሳያቸው ይፈልጋሉ» ነው። ሁለተኛ፣ ማርች 17 የመጨረሻዬ ጨዋታ ነው። ካለቀ በኋላ ሜዳው መሀል ቆሜ የስንብት ንግግር አደርጋለሁ፤ በናንተው ቋንቋ፣ በራሴ አፍ። ከዚያ በፊት ማወቅ አለብኝ። ያላልኩት ሌላ ምን ብያለሁ?

ኮርዴል


ዊሚ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2019

ለኮርዴል፣

እንኳን ለጨረቃው አዲስ ዓመት አደረሳችሁ። አንድ ሣጥን መንደሪን ልኬያለሁ። ከላይ ያሉት ለመልክ ናቸው፤ ጣፋጮቹ ከታች ያሉት፣ ጠባሳ ያለባቸው ናቸው።

አሰልጣኝ ጓክ ያሉት ይህ ነው፦ «ለዚህ ድንክ ሻንጣውን ያዘጋጅ በለው። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ እንኳ አጭር ነው። ኳሱን የሚይዘው እንደ ሌባ ነው። ነገ ትኬቱ ይቆረጥለታል።» «እሁድ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ካንተም አልወጣም። ከየትም አምጥቼ ለሁለታችሁ ያካፈልኳችሁ እኔ ነኝ። ላንተ «እሁድ አሉ» አልኩ፤ ለሳቸው «እሁድ አለ» አልኩ። ከዚያ እሁድ እስኪደርስ ሩዝ አልወረደልኝም። ሠላሳ አንድ ነጥብ ስታገባ ከማንም በላይ የጮህኩት ለዚያ ነው።

ሌላስ ብለሃል። ጥቃቅኑን ማን ይቆጥረዋል? አንድ ጋዜጠኛ «በቁመትህ አታፍርም ወይ» ሲልህ እኔ «ስለ ቁመትህ ምን ይሰማሃል» ብዬ አቀበልኩህ። አንተ «ሄዶ እናቱን ይጠይቃት» አልክ። እኔ «እናቴ ዘወትር ትጸልይልኛለች» አልኩ። በነጋታው «እናቱን አክባሪው ዊንቡሽ» ተብለህ በጋዜጣ ወጣህ። ሴቶች የጎመን ኪምቺ በበርሜል ላኩልህ። «ይህ ሕዝብ ምን ነካው?» ብለህ ጠየቅከኝ፤ ሁለት ወር በላነው።

ለምን እንዳደረግኩት ልንገርህ ብል እኔም በቅጡ አላውቀውም። ያንተ ቋንቋ ለፕሬዚዳንቱም ለጎዳና ውሻም አንድ «አንተ» ነው ያለው። የኛ እንደዚያ አይደለም፤ አንድ ሰው ፊት አፍህን ከመክፈትህ በፊት ከሱ በላይ ነህ ወይስ ከሱ በታች የሚለውን መወሰን አለብህ። ላንተ የሚወስንልህ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ የቀየርኩት ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነበር። «አንተ»ን «እርስዎ» ካልኩ በኋላ ሌሎቹ ቃላት ተከትለው ጎንበስ አሉ።

ንግግርህን ጽፈህ ብትልክልኝ ፊደሉን ብቻ አርምልሃለሁ። ፊደሉን ብቻ።

ሌላ የቀረ ነገር የለም ይመስለኛል።

ፒዮ


ሞክፖ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2019

ለወንድም ጋሼ ፒዮ፣

መንደሪኑ ደረሰ፤ እግዜር ይስጥልን። ኦፓል ከታች ያሉትን ጨርሳ ከላይ ያሉትን ለኛ ትታልናለች።

አሰልጣኝ ጓክ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ፣ ሳላማክርህ ነው። ስሜን እየጠሩ ስለኔ ትሕትና ለሰው ልጅ ሲሰብኩ ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም። ወደቡ አጠገብ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ከፍተዋል። ያልኩትንና ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን እኔም አስተርጓሚ ሆኛለሁ።

«አሰልጣኝ፣ በቴሌቪዥን ያወሩትን ሰማሁ» አልኳቸው።

«ታዲያስ! አለቀስክ?»

«እኔ ያንን አላልኩም።»

«ምኑን?»

«ይቅርታውን። እኔ ሰድቤዎት ነበር።»

መረብ እየጠገኑ ነበር፤ አቆሙ። «ምን ብለህ?»

«እንቁራሪት።»

«እንቁራሪት ብቻ?»

«ወፍራም እንቁራሪት። ፊሽካዎንም ይዋጡት ብያለሁ።»

የማጥመጃ ትሎቹ ሣጥናቸው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ይሰማኝ ነበር። «ታዲያ እሁድ ሠላሳ አንድ ነጥብ ያገባው ማነው? ፒዮ ነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ የጠየቀኝስ?»

«ፒዮ ነው።»

«እንግዲያው ስማኝ። እኔ ከቡድኔ ጋር ያስቀረሁት ይቅርታ የጠየቀውን ሰው ነው። የሰደበኝን አላስቀረሁም። የሰደበኝን አላውቀውም።» ከዚያ ወደ መረባቸው ተመለሱ። ተቆጥተው ይሁን አዝነው አልለየኝም። ለስንት ልጅ ያንን ታሪክ እንደነገሩ ቆጠሩልኝ። «አሁን ሄጄ ምን ልበላቸው? አስተርጓሚ ምሰሉ ልበላቸው?» አሉ።

ልወጣ ስል ግን ከኋላዬ ጠሩኝ። «የቤቱስ ነገር? እሱም የፒዮ ነው?»

«የቱ ቤት?»

«በረደኝ ብለህ የክለቡ ፕሬዚዳንት ፊት የለመንክበት! በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት፣ በዋንጫው ማጣሪያ ሰሞን። ፕሬዚዳንቱ ለቡድኑ ሁሉ አወሩልን፤ ዊንቡሽ ምንም አልፈለገም፣ ወለሉ እንዲሞቅለት ብቻ ነው የጠየቀው ብለው።»

ወንድም ጋሼ፣ እኔ ሞቅ ያለ ቤት ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ፕሬዚዳንቱ ቢሮ የገባሁት ለምን እንደሆነ ከኔና ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ምን ብለህ ነው የነገርካቸው? ምን ብለውስ ነው የመለሱልኝ?

በቶሎ ጻፍልኝ።

ኮርዴል


ዊሚ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2019

ለኮርዴል፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እዚህ ነፋሱ በርትቷል። የዛፎቹን ቅርንጫፍ መግረዝ ጀምረናል። እኔም ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ብዙ ለመጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅርታህን።

የዚያ ሰሞን ነገር ረጅም ነው። በአካል ስንገናኝ ብናወራው አይሻልም? ማርች 17 አልፎ፣ ንግግርህን አድርገህ፣ አእምሮህ ሲያርፍ። ሶራንና ልጅቷን ይዘህ ና። መርከቡ ከሞክፖ ጠዋት ይነሳል።

ፒዮ


ሞክፖ
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2019

ለክቡር አቶ ፒዮ ጊልሱ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ በእርስዎ ቋንቋ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ፊደሉን ያረመችልኝ ሶራ ናት። በእኔ ቋንቋ «አንተ»ም «እርስዎ»ም አንድ ስለሆነ መራቄ አይታይም። እንዲታይዎት ፈለግኩ።

ምናልባት ረስተው ከሆነ ላስታውስዎት። ማርች 2013 ነው። ከትልቁ ሊግ፣ ከገዛ አገሬ፣ ስልክ ተደወለልኝ። ሁለት ኳስ አከፋፋዮቻቸው ተጎድተውባቸዋል። «ለዐሥር ቀን ና፣ እንሞክርህ» አሉ። ዐሥር ቀን ለእኔ ምን ማለት እንደነበር እርስዎ ያውቃሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ አብረን ነው ያወራነው። የሚያስፈልገው እስከ ዓርብ የክለቡ መልቀቂያ ብቻ ነበር። ረቡዕ ዕለት እርስዎን ይዤ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ገባሁ፤ ልቀቁኝ ብዬ ለመንኩ። እርስዎ ተረጎሙ። ፕሬዚዳንቱ ፈገግ ብለው መለሱ። እርስዎም «ውል ውል ነው፣ መልቀቅ አይቻልም፤ ነገር ግን ስላዘኑልህ የተሻለ ቤት ይሰጡሃል» አሉኝ። በነጋታው ዕቃዬን አዛወሩ። የአፍ መዝጊያ መስሎኝ ነበር።

አባቴን ያውቁታል፤ ፎቶውን አሳይቼዎታለሁ። ቶሌዶ ውስጥ መስታወት ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ከእኔም የሚያጥር ሰው ነው። ለየሙከራው ልምምድ መኪና እየነዳ የወሰደኝ እሱ ነው። ጥበቃው «ትኬት በዚያ በኩል ነው» ሲለኝ አጠገቤ ነበር። ያን ሳምንት ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ነግሯል። ሙሉ ልብሱን አስተኩሶ በር ላይ ሰቅሎታል። ዓርብ ዕለት ደወልኩለት።

«ክለቡ አልለቀቀኝም» አልኩት።

«ምን ሰጥተው አስቀሩህ?»

«ምንም። ቤት ነው የቀየሩልኝ።»

«ምን ዓይነት ቤት?»

«ወለሉ ከሥር የሚሞቅ።»

ከዚያ «ሃያ ዓመት መኪና የነዳሁት ለወለል ነው?» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሦስቴ ደወልኩ፤ ሦስቴም ድምፄን ሲሰማ ዘጋ። እኔም ተውኩት። ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። ኦፓልን አይቷት አያውቅም።

ፕሬዚዳንቱን ምን ብለው እንደጠየቁልኝ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ኮርዴል ዊንቡሽ


ዊሚ
ማርች 6 ቀን 2019

ለኮርዴል፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ ለመጠየቅ የሚያበቃ ፊት የለኝም።

ያን ቀን ቆመህ ነበር የተናገርከው። ወንበር ሰጥተውህ አልተቀመጥክም። ኮፍያህን በሁለት እጅህ ጨምቀህ «እባክዎ» አልክ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ያንን ቃል ከአፍህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ማሳመር የማያስፈልገው ንግግር ያ ነበር። እንዳለ ብወስደው ይበቃ ነበር። እንዳለ ያልወሰድኩት ግን እሱን ብቻ ነው።

«ልጁ ቤቱ በርዶታል፤ ማታ ማታ እንቅልፍ አጥቷል፤ ለመናገር አፍሮ ነው» አልኳቸው። ፕሬዚዳንቱ ሳቁ። «ለዚህ ነው እንዴ እንደዚህ የሆነው? ዛሬውኑ ይቀየርለት!» አሉ። ከዚያ ዞሬ ላንተ የነገርኩህን አንተው ጽፈኸዋል።

ለምን? ኮንትራቴ ካንተ ጋር የተሰፋ ነበር። አንተ ስትሄድ እኔም እወጣለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሁለተኛዋ ልጄ ያን ወር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ለራሴ ግን እንደዚያ አላልኩም። «እዚያ ሄዶ ዐሥር ቀን ወንበር ያሞቃል፤ ሰው ሳያየው ይመልሱታል፤ እዚህ ግን ንጉሥ ነው» አልኩ። ካሁን በፊት ዋሽቼ አድኜህ ስለነበር፣ ላንተ የሚበጅህን ከአንተ በላይ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ከሁለቱ ምክንያቶች የቱ ቀድሞ እንደመጣ ስድስት ዓመት አሰብኩ። አንዳንድ ቀን ልጄ ትቀድማለች። አንዳንድ ቀን አንተ ትቀድማለህ። ዛሬ ልጄ ቀድማለች፤ ስለዚህ ዛሬ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

መልቀቂያውን ይፈርሙልህ ነበር ወይ? አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

የአባትህን ነገር አልነገርከኝም ነበር። «ሰላም ነው?» ስልህ «ሰላም ነው» ትለኝ ነበር። አንተም ለኔ ተርጉመህ ኖሯል የምትነግረኝ።

ይቅርታ አልልህም። ያንን ቃል ባንተ ስም ስለጨረስኩት ነው።

ፒዮ ጊልሱ


ሞክፖ
ኤፕሪል 4 ቀን 2019

ለፒዮ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ዛሬ በራሴ ቋንቋ የምጽፈው ከፍ ዝቅ ስለሌለው ነው። «አንተ» ልበልህ ወይስ «እርስዎ» ገና አልወሰንኩም። ሲነጋ አንዱን እላለሁ፣ ሲመሽ ሌላውን።

የስንብቱን ምሽት በቴሌቪዥን አይተህ ከሆነ ያየኸውን አትመን። ሁለት ገጽ በቃሌ አጥንቼ ነበር። መብራቱ ላዬ ላይ በራ፤ ስድስት ሺህ ሰው ጸጥ አለ። «እኔ ትሑት ሰው አይደለሁም» ብዬ ልጀምር ነበር፤ የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው። አንዲት ሴት ከፊት ረድፍ ስሜን በጨርቅ ላይ ጠልፋ ይዛለች። የማንን ስም እንደያዘች እያሰብኩ ቃሉ ጠፋኝ። «አመሰግናለሁ» ብቻ አልኩና ቆምኩ። እነሱ አለቀሱ። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ «ከትሕትናው የተነሣ ቃል አጠረው» ተብሎ ወጣ። አንተ በሌለህበት ደግሞ ማን ተረጎመኝ?

አሰልጣኝ ጓክ መጥተው ነበር። ከቅርጫቱ ኋላ ኮፍያቸውን አጥልቀው ተቀምጠዋል። ሲያልቅ ወደ መልበሻ ክፍል መተላለፊያው ላይ ጠበቁኝና «በል አሁን ጠይቀኝ» አሉ። «ምኑን?» «ይቅርታውን ነዋ! እኔን ነው እንጂ ፒዮን አይደለም የሰደብከው።» ጠየቅኳቸው። ተደናግጬ «ይቅር በለኝ» አልኩ መሰለኝ፣ እንደ እኩያ፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። እሳቸውም «ይሄኛው የራስህ ነው» አሉ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ከክለቡ ታዳጊዎች ጋር እንድሠራ ለክለቡ የነገሩት እሳቸው ናቸው። እሺ ብያለሁ። ለምን እሺ እንዳልኩ አትጠይቀኝ።

ሶራን አንድ ቀን «ፒዮ ባይዋሽ ኖሮ አታውቂኝም ነበር» አልኳት። የሷ ፋርማሲ የነበረው በዚያው በተሰጠኝ ሕንፃ ሥር አይደል? ወለሉ ሲሞቅ ጉሮሮዬን አድርቆኝ መድኃኒት ልገዛ ወረድኩ፤ እንዲህ ነው የተገናኘነው።

«እና ላመስግነው ወይስ ልርገመው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለችና ሩዙን አወጣች።

አየህ፣ ብናደድብህ ኦፓልን እንደመጥላት ይሆንብኛል። ብምርህ አባቴን እንደመካድ ይሆንብኛል። መሀሉን ፈልጌ አጣሁት።

አንድ ነገር ግን አድርግልኝ። ለአባቴ ጻፍለት። እኔ ብነግረው ሰበብ ይመስለዋል። የሆነውን ሁሉ ጻፍለት፤ የቢሮውን፣ የቤቱን፣ የልጅህን፣ ሁሉንም። አታሳምርልኝ፤ ለራስህም አታሳምር። አድራሻው ከታች አለ። የሚለውን ምንም ይሁን ምን ላክልኝ።

ኮርዴል


ዊሚ
ሜይ 12 ቀን 2019

ለኮርዴል፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። የመንደሪኑ አበባ ፈክቷል፤ መንደሩ ሁሉ ያውዳል። ባለቤቴ ለአባትህ ከጻፍኩበት ቀን ጀምሮ ሁሉንም ታውቃለች። ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም፤ ከትናንት ወዲያ «ጨው አቀብለኝ» አለችኝ።

ለአባትህ በኤፕሪል አጋማሽ ጻፍኩ። አራት ገጽ ነው። አንብቤ ያልከበደኝን መስመር ሁሉ እየሰረዝኩ እንደገና ጻፍኩት። መልሱ ትናንት መጣ።

ያለውን በራሴ ቃል ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜም አሳመርኩት። የመጀመሪያው ላይ አባትህ የሚያለቅስ ሽማግሌ ሆነ። ሁለተኛው ላይ ቁጣውን ሁሉ ወደ እኔ አዞርኩት፤ ያንተ ድርሻ እንዳይነካህ ብዬ። ሦስተኛውን አላነበብኩትም፤ ቀደድኩት። ስለዚህ ወረቀቱን ራሱን ከዚህ ጋር አስገብቻለሁ። ሲያምህ ብትቆጣ ልክ ነህ፤ እኔም አሞኛል።

ፒዮ


ቶሌዶ
ሜይ 1 ቀን

ለአቶ ፒዮ፣

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ። የሠሩት ነውር ነው። መጻፍዎ ነውሩን አይሽረውም፤ ግን ጽፈዋል።

ልጄን እንዲህ ይበሉልኝ። አፍ ነበረህ። ቢሮው በር ነበረው፤ ተመልሰህ ገብተህ በምልክትም ቢሆን በጣትህም ቢሆን መጠየቅ ትችል ነበር። እኔ አንተን ያስተማርኩህ ረጅም ሰው ከፊትህ ሲቆም በሥሩ እንድታልፍ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲያሳልፍህ አይደለም። ሦስቴ ደወልክ፤ አራተኛውን ስጠብቅ ስድስት ዓመት ሞላኝ።

ስለ ወለሉ የተናገርኩት ግን የኔ ነው። በፖስታ አልመልሰውም፤ በአፌ ነው የምመልሰው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነኝ። ልጅቷ ኦፓል መጀመሪያ ትደውል። ሁለቱንም ቋንቋ እንደምትናገር ጽፈውልኛል፤ እንግዲያው አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ኸርሼል ዊንቡሽ